ቀጂዋ ትቅመስ

የሀሮ ዲማ ሰው ጠዋት ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» አይባባልም። «ስንት አደርክ?» ነው የሚባባለው። በየቤቱ በር ላይ ቀማሽ የምንላት መሣሪያ አለች፤ ስትወጣ ምራቅህን ተቀብላ በደምህ ውስጥ ያለውን መርዝ በቁጥር ትነግርሃለች። ከሃያ በታች ከሆንክ ተመስገን ብለህ ትወጣለህ። ከሠላሳ ካለፍክ ትቀላለች፤ ያን ቀን ጤና ጣቢያ እንጂ ሌላ ቦታ አትሄድም። ድሮ ሽማግሌ ልኮ ልጅ የሚጠይቅ ሰው ዘሩን ይቆጥር ነበር አሉ። ዛሬ የልጁን የአምስት ዓመት ቁጥር ይዞ ነው የሚቀርበው። ከውጭ የመጣ ሰው ይገረማል፤ ለኛ ግን ጫማ እንደማሰር ነው።

ዝናብም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ዝናብ አየሩን አጥቦ ስለሚወርድ ማንም አይነካውም። ደወል ይደወላል፤ ከተማው በሙሉ በየበረንዳው ተኮልኩሎ ይቆማል። ሐሜት የሚወራው ያኔ ነው። ሁለተኛው ደወል ሲደወል ሰው ይበተናል። ወሬው ሳያልቅ ደወሉ ሲደወል የሚናደዱ ሰዎች አውቃለሁ፤ አንዷ እኔ ነኝ።

ስሜ ሶልያና ያብስራ ይባላል። አዎ፣ የአሮጊት ስም ነው፤ ምን ላድርግ፣ በኛ ጊዜ ከአንድ ክፍል አምስት ሶልያና ይገኝ ነበር። ዕድሜዬ ሃምሳ ሰባት ነው። ሥራዬ ናሙና ቀጂ ነው። ሐይቁ በእርሳስ መርዝ ተበክሎ ከታጠረ ሠላሳ አራት ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ውስጥ ሠላሳ አንዱን ዓመት በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ በአጥሩ በር ገብቼ፣ ጓንቴን አጥልቄ፣ በጀልባ ወደ ቢጫው ምልክት ቀዝፌ ውሃ ቀድቻለሁ። ሁለት ጠርሙስ። አንዱ ወዲያው ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ከመሬት በታች ባለው ቀዝቃዛ መጋዘን ይቀመጣል። ከሠላሳ ሺህ ሰው መካከል ወደ ሐይቁ መጠጋት የተፈቀደልኝ እኔ ብቻ ነኝ። ይኼን ስናገር ደረቴን እንደነፋሁ ይሰማኛል፤ ይቅር በሉኝ፣ የሠላሳ አንድ ዓመት አመል ነው።

ደግሞ ሥራዬን አጥርቼ ነው የምሠራው። የቀረሁት አራት ቀን ብቻ ነው፤ ሦስቱ ስወልድ፣ አንዱ እናቴ ስትሞት። ጠርሙሶቹ ታሽገው ነው የሚመጡት። ስከፍታቸው ከታች ጠብታ የምታህል እርጥበት አላቸው። እኔ ታዲያ በሐይቁ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቄ፣ አራግፌ ነው የምሞላቸው። እናቴ ያልተለቀለቀ ብርጭቆ ለእንግዳ ያቀረበች ልጅን ጉድ ነበር የምታደርጋት። ጠርሙሱስ ቢሆን ከእንግዳ በላይ አይደለም እንዴ? ሰባት ባሕር ተሻግሮ መጥቶ!

አባቴ አባባ ያብስራ ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው። ዓሣ አስጋሪ ነበር። ሐይቁ በታጠረ ቀን ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ መረቡን ተሸክሞ ቤት ገባ፣ ከግድግዳው ላይ ሰቀለው፣ ከዚያ ወዲህ ዓሣ የሚባል አልቀመሰም። በታሸገ ዕቃ ከሩቅ የሚመጣውን ስናቀርብለት «ይኼ ዓሣ ሳይሆን የዓሣ ፎቶ ነው» ይላል። በየዓመቱ በጥቅምት መረቡን አውርዶ የላላውን ያጠብቃል፣ የተበጠሰውን ይቋጥራል። መረቡ ከታች እንዲሰምጥ በጠርዙ ዙሪያ የእርሳስ ፍሬ አለው፤ በእጁ እየደባበሰ ሲቆጥራቸው ኪል ኪል የሚለው ድምፅ ከማድ ቤት ይሰማኛል። አሁን ዓይኑ ደክሟል፤ ቋጠሮውን ግን በጣቱ ያያል።

«ሶልዬ፣ ስንት አደረ?» ይለኛል በየቀኑ ከሐይቅ ስመለስ። የራሴን ቁጥር አይጠይቀኝም፤ የሐይቁን ነው።

ዘንድሮ መልሱ ጥሩ ነበር። የሐይቁ እርሳስ ከሕጉ መስመር በታች ከወረደ ሁለት ዓመት ሞላው። ሕጉ ደግሞ የሚለው ሁለት ዓመት ሙሉ ከመስመሩ በታች የቆየ ውሃ ይከፈታል ነው። የሚከፍተው ማን ነው? የምሥራቅ አፍሪካ የአካባቢ መርዝና ኬሚስትሪ ጉባኤ ነው። በየሁለት ዓመቱ በአንድ አገር ይሰበሰባል፤ የኛ ከተማ ሰው በፍቅር «መርዞቹ» ይላቸዋል። ዘንድሮ መርዞቹ ከአሥራ ዘጠኝ አገር አራት መቶ አሥራ ሁለት ሆነው ሀሮ ዲማ መጡ።

የመክፈቻውን ሥርዓት ልንገራችሁ። ድሮ ጠጅ የሚያሳልፍ ሰው እንግዳው ፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ፣ ቀምሶ ነበር የሚያቀርበው፤ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት። ጉባኤው ይኼን ወስዶ ደንብ አደረገው። ውሃውን ስትቀዳ የኖረችው ሰው በሕዝብ ፊት በብርሌ ቀድታ፣ ግራ መዳፏ ላይ አፍስሳ ትቀምሳለች። ቀጥሎ ሳይንቲስቶቹ አንድ በአንድ ይቀምሳሉ። ሳይቀምስ የፈረመ የለም። ከዚያ አጥሩ ይነሳል።

ቀጂዋ እንግዲህ እኔ ነኝ። ቅምሻው ሐሙስ ነበር የተቀጠረው። አባባ ሰኞ ዕለት መረቡን አውርዶ በፀሐይ ዘረጋው።

ጉባኤው ማክሰኞ ተከፈተ። አዳራሹ ስገባ እውነቴን ነው፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ የመስታወት ቱቦ ተገትሯል፤ ውስጡ ከሐይቁ ወለል የወጣ ጭቃ ነው። ሁለት መቶ ዓመት በአንድ ቱቦ! ከታች ቡናማ፣ ንጹሕ። ወደ ላይ ወጣ ሲል ግራጫ፣ ከዚያ ጥቁር፣ ከዚያ እንደ ዘይት የሚያብለጨልጭ። ከጥቁሩ በላይ፣ ከጫፉ ላይ፣ ጣት የምታህል ቡናማ እንደገና ጀምራለች። ሰዎቹ በዚያ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔም ዝቅ አደረግኩ፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደጃፍ እንደሚደረገው።

ሰብሳቢዋ ፕሮፌሰር ሲፈን ትባላለች። የዚሁ የሀሮ ዲማ ልጅ ናት፤ ሐይቁ ሲታጠር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። መድረክ ላይ አስጠርታኝ ነጠላ አለበሰችኝ። «እትዬ ሶልያና ባይኖሩ ይኼ ሐይቅ አንደበት አይኖረውም ነበር» አለች። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ተነስቶ አጨበጨበልኝ። አለቀስኩ። ምን አስለቀሰሽ ብትሉኝ እንጃ፤ ጠዋት ጠዋት ብቻዬን የቀዘፍኩት ሁሉ መጣብኝ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው።

ከሰዓት በኋላ ለከተማው ሰው ሥራቸውን የሚያሳዩበት ጊዜ ነበር። ጆሮዬ ላይ አስተርጓሚዋን ሰክቼ በየጠረጴዛው እዞራለሁ። አንድ ጥግ ላይ ዶክተር አኪኒ የምትባል ከኪሱሙ የመጣች ቀጠን ያለች ሴት ጠርሙስ ይዛ ለሰዎች ታስረዳለች። ጠርሙሷን አየሁና ደስ አለኝ፤ የኔው ጠርሙስ ነው፣ ያው ክዳን፣ ያው ከታች ጠብታ።

«ይኼ ጠብታ አሲድ ነው» አለች ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ። «ሰው ትንሽ ነገር ይመስለዋል። ግን እርሳስ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ከግድግዳው ላይ መለጠፍ ይወዳል። ይኼ ጠብታ ነው ከውሃው ውስጥ የሚያቆየው። ጠብታው ከሌለ እርሳሱ ግድግዳው ላይ ይደበቃል፤ ማሽኑ ደግሞ የሚያነበው ውሃውን ብቻ ነው። የታመመውን ውሃ ጤነኛ ነው ይለናል።»

ጆሮዬ ውስጥ ያለችውን አስተርጓሚ አውጥቼ እንደገና ሰካኋት፣ ምናልባት የተሳሳተችው እሷ ትሆናለች ብዬ። አልተሳሳተችም።

«ዶክተር፣» አልኳት፣ «ቢለቀለቅስ?»

«ምኑ?»

«ጠርሙሱ። ከመሞላቱ በፊት በውሃው ቢለቀለቅ?»

ሳቀች። ክፋት የሌለበት ሳቅ ነው። «ማን ያለቀልቀዋል? ከዓለም ንጹሑ ጠርሙስ እኮ ነው!»

እኔ። እኔ ነኛ! ሦስት ጊዜ፣ አንገቱን ይዤ፣ እያሾርኩ፣ አራግፌ። በሠላሳ አንድ ዓመት ከቀዳሁባቸው ጠዋቶች አንዲቷን ሳላጎድል። ሥራውን ያስረከበኝ ሰውዬ «እንደመጣ ሙላው» ብሎኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰውዬውን ሰነፍ ነው ብዬ ነበር የናቅኩት።

ያን ጊዜ የዝናቡ ደወል ተደወለ። አዳራሹ ውስጥ የነበረውም ግቢ ውስጥ የነበረውም ሰው ተጋፍቶ በረንዳው ላይ ወጣ። መርዞቹና የከተማው ሰው ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። ጎረቤቴ ኤልዳና አገኘችኝና ጉንጬን እያገላበጠች ሳመችኝ።

«ሶልዬ፣ አንቺ ወርቅ! ሐሙስ ዓሣ በዳጣ ልንበላ ነው! ጥሬውን! እናቴ እንዴት እንደሚበላ ልታሳየን ቢላዋ ስላ ተቀምጣለች። ምነው፣ ብርድ ነው?»

«ብርድ ነው» አልኳት።

ዝናቡ ይወርዳል። ያችን ሩብ ሰዓት አልረሳትም። ዝም ብል ማን ያውቃል? ምናልባት ውሃው ጠርቷል፤ ምናልባት ጥቂት ብቻ ነው የተደበቀው። አባባ ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ መረቡ ግቢያችን ውስጥ ተዘርግቷል። እኔ ደግሞ ዛሬ የከተማው ወርቅ፣ ነገ የከተማው መሳቂያ ልሆን ነው። ይኼን ሁሉ አሰብኩ፤ አልዋሽም፣ በጣም አሰብኩት። ከዚያ ከፊቴ የቆመችውን የኤልዳናን የልጅ ልጅ አየሁ። ጠዋት ቀማሿ አሥራ አንድ ብላታለች። እጇን ከበረንዳው አውጥታ ዝናቡን ልትነካ ስትል አያቷ ቀልጠፍ ብላ መለሰቻት። በዝናብ ጠብታ እንዲህ የምንጠነቀቅ ሰዎች ሐሙስ ዕለት እኔን አምነው ሐይቅ ሊጠጡ ነው። ሁለተኛው ደወል ሲደወል ወደ ፕሮፌሰር ሲፈን ሄድኩ።

ነገርኳት። ሳላሳምር። ነጠላውን ከትከሻዬ አውልቄ ክንዴ ላይ አጠፍኩት፤ ለብሼው መናገር አልቻልኩም።

ሰምታ ጨረሰች። ከዚያ የቤተ ሙከራውን ኃላፊ አስጠራች። ቁመቱ ረጅም፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው ነው። «ማሽናችሁ አሲዱ መኖሩን አይፈትሽም?» አለችው።

ሰውየው ቀላ፣ ጠቆረ። «ይፈትሽ ነበር» አለ። «የዚህ ሐይቅ ጠርሙስ በመጣ ቁጥር ይጮህ ነበር። በየቀኑ። ማሽኑ ተበላሽቷል ብለን… ጩኸቱን አጠፋነው። ከእኔ በፊት ነው። እኔም ስረከብ ጠፍቶ አገኘሁት፤ አልጠየቅኩም።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

ሃያ ስድስት ዓመት እውነቱን ሲነግራቸው አፉን ዘጉት! ኧረ ጉድ ነው! ልጮህበት ፈለግኩ፤ ግን በምን አፌ? ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ቆምን።

ፕሮፌሰር ሲፈን አልጮኸችም። «ሁለተኛው ጠርሙስስ?» አለች ድንገት። «መጋዘን የሚገባው?»

«አለ» አለ ሰውየው። «ሁሉም አለ።»

ረቡዕ ጠዋት ጉባኤው የተያዘለትን ንግግር ሁሉ ሰረዘ። ፕሮፌሰሯ መድረክ ላይ ወጥታ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገሩን ተናገረች፤ ስሜን ግን አልጠራችም። ከዚያ «እርሳሱ የትም አልሄደም» አለች። «በየጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ተቀምጧል። ሄደን እንጠይቀው።» አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ተከትሏት ወደ መጋዘኑ ወረደ።

እኔ ገብቼበት አላውቅም ነበር። ጠርሙሱን በር ላይ አስረክቤ ነው የምመለሰው። ደረጃው ረጅም ነው፤ ሲወርዱት ብርዱ ከእግር ይጀምራል። መብራቱ ሲበራ መደርደሪያ፣ ከኋላው መደርደሪያ፣ ከኋላው ሌላ፤ ዓይኔ የማይደርስበት ድረስ። አሥራ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ጠርሙስ። በየጠርሙሱ ላይ ቀን ተጽፏል፤ በእኔ የእጅ ጽሑፍ። መጀመሪያ አካባቢ ፊደሌ ትልልቅና ቀጥ ያለ ነው፤ እየቆየ ያዘመመ፣ የተጣደፈ። ሕይወቴ ናት ተደርድራ የጠበቀችኝ። ያገባሁበት ሳምንት። ልጄ ጥርስ ያወጣችበት ወር። አራት ቦታ ላይ ብቻ ክፍት ቦታ አለ፤ ሦስቱ አንድ ላይ፣ አንዱ ብቻውን። ብቻዋን ካለችው ክፍት ቦታ ፊት ቆምኩና እናቴን አሰብኳት። እማዬ፣ ማለቅለቅሽ ጉድ ሠራኝ አልኳት። አላዘንኩባትም።

ለሙከራ ከየወሩ አንድ ጠርሙስ ተመረጠ፤ ሦስት መቶ ሰባ ሁለት ወር። ማሽኑ በቀን የሚያነበው አርባ ነው፤ ስለዚህ በእጅ ሊሠሩት፣ ቁጥሩንም ይዘው በመጡት ትንንሽ መለኪያ ሊያነቡት ወሰኑ። ለየሰው አንድ ወር ደረሰው፤ የተረፉት አርባዎቹ ለማገዝ ቆሙ። ሽማግሌ ፕሮፌሰሮች ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እኔ የቀዳሁትን አንድ ወር በሁለት እጃቸው ይዘው ሲወጡ ማየት… እንዴት ብዬ ልናገረው? ሕፃን ነበር የሚመስለው የያዙት። ክዳኑን ከፈቱ፤ አሲዱን ጨመሩ፤ ክዳኑን ዘጉ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መናጥ ጀመሩ። ስምንት ሰዓት ሙሉ እየተቀያየሩ ናጡ። በዚያ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሌላ ድምፅ አልነበረም፤ ውሃ ከጠርሙስ ግድግዳ ጋር ሲላተም ብቻ።

ዶክተር አኪኒ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ትናንት ስስቅ…» አለች።

«ተይው ልጄ» አልኳት። «እኔም ብሆን እስቃለሁ።»

«በኛ ሐይቅ ዳር ደግሞ ቀጂዎቹ ጠርሙሱን ሞልተው ክዳኑን በጨርቅ ይወለውሉት ነበር፤ ንጹሕ ይሁን ብለው። ጨርቁ ነዳጅ ይሸት ነበር። ስድስት ዓመት ሐይቃችን ነዳጅ አለበት ስንል ቆየን።»

ሳቅኩ፤ በዚያ ቀን የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቁጥሮቹ ግድግዳው ላይ ነጥብ በነጥብ መውጣት ጀመሩ። ከታች የድሮው መስመር አለ፤ የእኔ የተለቀለቀው፤ ዝቅ ብሎ፣ ቀስ እያለ ወርዶ የሕጉን መስመር ከሁለት ዓመት በፊት ያለፈው። የአዲሶቹ የመጀመሪያዋ ነጥብ ከጣሪያው ሥር ታየች። ሁለተኛዋ አጠገቧ። ሰው ሁሉ ቀና አለ። ነጥቦቹ እየተቀጣጠሉ ከዚያ ከፍታ ተነስተው ቁልቁል፣ ቁልቁል፣ ቁልቁል ወረዱ። ሐይቁ ካሰብነው አራት እጥፍ ታሞ ነበር። በእነዚያ ዓመታት እኔ ጓንት ብቻ አጥልቄ ላዩ ላይ ስቀዝፍ ነበር! ግን ደግሞ ማን ይኼን ያህል ይወርዳል ብሎ አሰበ? እኛ አጥረን ተውነው እንጂ ምንም አልረዳነው። ብቻውን፣ በጭቃው እያወረደ፣ በሸምበቆው እያጠለለ፣ ከዚያ ከጣሪያው ሥር ራሱን እዚህ አወረደ።

የመጨረሻዎቹ ነጥቦች የሕጉን መስመር ነኩ፣ ከዚያም አለፉት። ፕሮፌሰር ሲፈን ተጠግታ ቆጠረች።

«ሰባት ወር» አለች። «ከመስመሩ በታች ከሆነ ሰባት ወሩ ነው።»

ሰባት ወር። ሕጉ ሃያ አራት ይላል። ለቅምሻ አሥራ ሰባት ወር ይቀረዋል ማለት ነው። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ ፕሮፌሰር ቀስ ብሎ ተነሳ። ፊቱ ወደ መስመሩ ነው። አጠገቡ ያለችው ተነሳች። ከዚያ ሁሉም ተነስቶ ቆመ፤ ማክሰኞ ለእኔ እንደተነሱት አይደለም፣ ማጨብጨብም የለም። እኔም ቆምኩ። ሐይቁን ነበር የምናከብረው።

«ሐሙስን እንሰርዝ?» አለ የቤተ ሙከራው ኃላፊ።

«ለምን ይሰረዛል?» አለች ፕሮፌሰሯ። «ሕዝቡ ይምጣ። ደንቡ ቀጂዋ ትቅመስ ይላል፤ አልቀምስም ማለትም በደንቡ አለ።» ወደ እኔ ዞረች። «ይችላሉ እትዬ ሶልያና? ካልቻሉ እኔ እናገራለሁ።»

«እኔ ነኝ ያለቀለቅኩት፤ እኔው ነኝ የምናገረው» አልኳት።

ማታ ቤት ስገባ አባባ ሸሚዙን አስተኩሶ ወንበር ላይ አንጠልጥሎታል። «ሶልዬ፣ ስንት ዋለ?» አለኝ። «ነገ ትሰማለህ አባባ» ብዬ ጓዳ ገባሁ። ፈሪ ነኝ፤ ይጻፍብኝ።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሠላሳ ሺህ ሰው ሐይቁ ዳር ወጣ። አሮጊቶች የዓሣ ቢላዋ፣ ሴቶች ዳጣ በብልቃጥ ይዘው፣ ልጆች ከሥዕል የተማሩትን ዋና በአየር ላይ እየዋኙ። አባባ ከፊት ለፊት ወንበር ተሰጥቶታል፤ መረቡ ጉልበቱ ላይ ነው። በአጥሩ በር አልፌ ውሃው ጫፍ ደረስኩ። ብርሌውን እንደመጣ፣ ሳላለቀልቅ ሞላሁት። ጓንቴን አወለቅኩ። ግራ መዳፌን ዘርግቼ አፈሰስኩበት።

በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሐይቁ እጄን ነካኝ። ቀዝቃዛ ነው። የሸምበቆ ሽታ አለው። መዳፌ ውስጥ ሰማይ ታየኝ፤ ጥርት ያለ ነው፣ ጠጪኝ ጠጪኝ ይላል።

መዳፌን ገለበጥኩት። ውሃው ወደ ሐይቁ ተመለሰ።

«ጠርሙሱን ሳለቀልቅ የኖርኩ እኔ ነኝ» አልኩ በድምፅ ማጉያው። «ቁጥሩን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሐይቁ እየዳነ ነው፤ ግን አልዳነም። አሥራ ሰባት ወር ቀረው።» ሌላም አዘጋጅቼ ነበር፤ ጠፋብኝ።

ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው «ምን አለች?» አለ። ሌላው ነገረው። ማጉረምረም ተነሳ፣ «እንዴት እንዲህ ትቀልጂብናለሽ!» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ፤ ኤልዳና ትሆን እያልኩ ወደዚያ ለመዞር ፈራሁ። ያኔ ፕሮፌሰር ሲፈን ጫማዋን አውልቃ መጣች። ብርሌውን ከእጄ ተቀበለችኝ፣ መዳፏ ላይ አፈሰሰች፣ ለሕዝቡ ከፍ አድርጋ አሳየች፣ ገለበጠችው። ቀጥሎ ዶክተር አኪኒ። ቀጥሎ ሱዳናዊው ሽማግሌ። ቀጥሎ አንገቱን የደፋው የቤተ ሙከራ ኃላፊ። አንድ በአንድ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለቱም፣ ውሃውን ይዘው፣ አሳይተው፣ ለሐይቁ መለሱለት። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። በመቶኛው ላይ ማጉረምረሙ ቆመ። በሁለት መቶኛው ላይ ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደ ቤቱ የሄደ ሰው አላየሁም። ልጆቹ እንኳ መዳፋቸውን ዘርግተው ምንም የሌለበትን እየገለበጡ ነበር። ውሃ ይኼን ያህል ሲከበር በዕድሜዬ አላየሁም።

ሲያልቅ አባባን ፈለግኩት። ወንበሩ ባዶ ነው።

ቤት ስደርስ ግቢው ውስጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። መረቡ እግሩ ሥር ነው። በእጁ ቢላዋ ይዟል። መረቡን ሊቆራርጠው ነው ብዬ ሮጥኩ።

«አባባ፣ በሞቴ ተው! አሥራ ሰባት ወር እኮ ነው!»

«ምን ያስጮኽሻል?» አለኝ። «መረቤን ምን አደርገዋለሁ?»

ቀረብ ስል አየሁት። በጣቱ ጠርዙን እየዳሰሰ፣ የእርሳሱን ፍሬ አንድ በአንድ ክሩን እየበጠሰ ያወልቃል። አጠገቡ ባለ ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላቸዋል፤ ኪል ይላሉ።

«እኔም ሠላሳ ዓመት ሐይቁ ውስጥ እርሳስ ሳስገባ ነበር» አለ ቀና ሳይል። «ስንቱ ተበጥሶ እታች እንደቀረ እኔ ነኝ የማውቀው። አንቺ ብቻሽን ነሽ እንዴ የተሳሳትሽው?»

አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እንባዬ መጣ፤ እሱ አላየኝም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ።

«ስንት ናቸው?» አልኩት።

«ስልሳ አራት ነበሩ። አሁን አርባ ቀሩ።» ቢላዋውን በሱሪው ወለወለና የመረቡን አንድ ጫፍ ወደ እኔ ገፋልኝ። «ያዢ በዚያ በኩል። ነገ ከሐይቅ ስትመለሺ በእርሳሱ ፋንታ የሚሆን ድንጋይ ይዘሽልኝ ነይ፤ ወገቡ ቀጠን ያለ፣ ክር የሚይዝ። መርዞቹን አስፈቅጂ፣ እሱንም ይፈትሹት።»

መረቡን ከዚያ በኩል ያዝኩለት።